ምን ሠርቼ ይርበኛል?

(በማህበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኔ እዚህ ፊት ደብተር ይዤ ስቆም የለመዳችሁት የቁጠባና የብድር ሒሳብ ሳነብ ነው። ዛሬም ደብተር ይዣለሁ፤ ግን የማንንም ውዝፍ አልጠራምና አትሳቀቁ። ይህ ደብተር የማህበሩ አይደለም፣ የእናቴ ነው። የተመዘገበበትም ብር ሳይሆን የበላችው ምግብና የወረደችው ደረጃ ነው። ሰብሳቢያችን «የሁላችንም ቤት ጉዳይ ነውና ለምን አትነግሪንም?» ስትለኝ እናቴን አስፈቅጄ መጣሁ። እናቴም «ለሰው መማሪያ ካደረግሽኝ አይቀር አሳምረሽ ተናገሪ» ብላኛለች። አሳምሬ መናገሩን ባልችልበት እንኳ እውነቱን እናገራለሁ።

እናቴ አሁን 71 ዓመቷ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ የኖረችው ጎፋ ገብርኤል አካባቢ በቀበሌ ቤት ነው። ቤቱ ጠባብ ነበር፤ ግቢው የጋራ። ቧንቧው ግቢው መሀል፣ ኩሽናው ከጓሮ፣ ሽንት ቤቱ ከታች ጥግ ላይ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልማ ትመለሳለች። ውሃ ትቀዳለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ በርበሬ ታሰጣለች፣ ቡና አፍልታ ጎረቤት ትጠራለች፣ እሷም ስትጠራ ትሄዳለች። ስፖርት የሚባል ነገር በሕይወቷ ሠርታ አታውቅም። ግን ሲመሽ እግሯን ዘርግታ «ዛሬስ ደከመኝ» የምትል፣ እራቷንም በደንብ የምትበላ ሴት ነበረች።

ከዚያ እኔ የኮንዶሚኒየም እጣ ደረሰኝ፤ ጀሞ፣ አራተኛ ፎቅ። እናቴን ጉልበቷን ሲያማት ጊዜ «ብቻሽን አትኖሪም፣ እኛ እንጡርሽ» ብለን እኔና ወንድሜ ወደ እኔ ቤት አመጣናት። ደስታችን ሌላ ነበር። ውሃው ቤት ውስጥ፣ ሽንት ቤቱ ቤት ውስጥ፣ ኩሽናው ቤት ውስጥ። የምታግዘን ልጅም አለች። እናቴ ከመቀመጫዋ ብድግ ስትል ሁላችንም «እማዬ፣ አንቺ ተቀመጪ!» እንላለን። ስኒ ልታጥብ ስትል ከእጇ እንቀማለን። ምስር ልትለቅም ስትል «ዓይንሽን ታደክሚያለሽ» እንላለን። ደረጃው 72 ነው፤ አሳንሰር የለውም። ከወረደች በኋላ መውጣቱ ስለሚከብዳት መውረዱንም ተወችው። በወር ለገብርኤልና ለማርያም፣ ወይም ልቅሶ ሲኖር ካልሆነ ከቤት አትወጣም ነበር።

ስድስት ወር ያህል እንደቆየች ምግብ እየቀነሰች መጣች። መጀመሪያ ቁርስ ቀረ፤ «ጠዋት አፌን አይለኝም» አለች። ቀጥሎ ምሳ ላይ ሁለት ሦስት ጉርሻ ወስዳ «ጠገብኩ» ማለት ጀመረች። እኔ ከሥራ ማምሻውን ስለምመጣ ብዙውን አላየሁትም። ዓይኔን የገለጠው መቀነቷ ነው። አንድ ቀን ለማርያም ስትለብስ መቀነቷን ላስታጥቃት ብዬ ስጠመጥም፣ ድሮ የሚያልቅበት ቦታ አልፎ እንደገና ሊዞር ሆነ። ጤና ጣቢያ ወስጄ አስመዘንኳት። 53 ኪሎ። በፊት በካርዷ ላይ የተጻፈው 58 ነበር።

እህቶቼ፣ እዚህ ላይ የሠራሁትን ስሕተት መናገር አለብኝ። እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ገቢው ሲጎድል ገቢውን ጨምር ነው የምለው። ስለዚህ ምግቡን ጨመርኩ። ጥብስ ሠራሁ፣ ዶሮ አረድኩ፣ ጭማቂ ገዛሁ። ከመድኃኒት ቤት ምግብ ያስበላል የተባለ ሽሮፕ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አመጣሁ። ሳህኗን ሞልቼ ፊቷ ቁጭ እላለሁ። «ብዪ እንጂ እማዬ፣ ለማን ነው የምደክመው?» እላታለሁ። ስታጎርሰኝ የኖረችውን ሴት ጉርሻ እየያዝኩ አፏ ላይ አስጨንቃት ጀመር። አንድ ቀን፣ ያን ዕለት ሥራ ቦታ ተናድጄ ነበር የመጣሁት፣ ሳህኑን እንዳለ ሳገኘው ጮህኩባት። «ለመሞት ፈልገሽ ነው ወይ?» አልኳት። አፌን በቆረጠው። እሷ ግን አልተቆጣችም። ቀና ብላ አየችኝና «ልጄ፣ ምን ሠርቼ ይርበኛል?» አለችኝ።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የእናቴ ጥያቄ ቀላል ነው፤ መልሱን ግን የማላውቀው እኔ ነበርኩ።

በማግሥቱ ፈቃድ ጠይቄ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለ እግር ጉዞና ስለ እንቅስቃሴ ከማውራቴ በፊት መቅደም ያለበት እሱ ስለሆነ ነው። አንድ ትልቅ ሰው ምግብ ሲያስጠላው «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ ትልቅ ስሕተት ነው። ሐኪሟ ብዙ ነገር ጠየቀችን። ጥርሷ ያማታል? ሲውጡ ይቀፋል ወይ ይታነቃል? ሆዷ ይደርቃል? ሳል አለ? ሌሊት ያልባታል? ትተክዛለች? ምን መድኃኒት ትወስዳለች? ለካ ለስኳሯ የምትወስደው ሜትፎርሚን የሚባለው እንክብል አንዳንድ ሰው ላይ ሆድ ያውካል፣ የምግብ ፍላጎትም ይቀንሳል። አወሳሰዱን አስተካከለችልን። እኛ በራሳችን አላቋረጥንም፤ እናንተም እንዳታቋርጡ። አንድ የታችኛው ጥርሷም ተነቃንቆ ኖሯል፤ ሥጋና ቆሎ የተወችው ስለሚያማት ነው። እኛ ጥብስ ስናቀርብላት ማኘክ እንደማትችል አልገመትንም። እሷም ብር እንዳናወጣ ብላ ደበቀችን። ደሟም ሰገራዋም ተመረመረ፤ ሌላ የሚያሰጋ ነገር አልተገኘም።

በመጨረሻ ሐኪሟ «ቀኑን ምን ስትሠራ ትውላለች?» ብላ ጠየቀች። እኔም ኮራ ብዬ «ምንም! ከመቀመጫዋ አናስነሣትም፣ በጥሩ ሁኔታ ነው የምንጦራት» አልኩ። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና እናቴን አየቻት። እናቴ መሬት መሬት ታያለች።

ሐኪሟ የነገረችንንና ከዚያ ወዲህ አንብቤ የተረዳሁትን ባጭሩ ላስረዳችሁ። ሰው ሲያረጅ የምግብ ፍላጎት በተፈጥሮውም ይቀንሳል። ጨጓራ የበላነውን ለማስተላለፍ ከወጣትነት ጊዜ ይልቅ ይዘገያል፤ ስለዚህ ጥቂት በልተን ቶሎ ይሞላናል። ሽታና ጣዕም የመለየት ችሎታ ይደክማል። የጥማት ስሜትም ይቀንሳል፤ ብዙ ሽማግሌዎች ውሃ ሳይጠጡ የሚውሉት ስለማይጠማቸው ነው። በዚህ ላይ መቀመጥ ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። የተቀመጠ ሰው አንጀቱም ይቀመጣል፤ ሆድ ይደርቃል፣ የደረቀ ሆድ ደግሞ ምግብ አያስመኝም። ያልሠራ ጡንቻ ይቀልጣል። ጡንቻ ሲቀንስ ሰውነት የሚፈልገው ምግብ ይቀንሳል፣ ምግብ ሲቀንስ ጡንቻው እንደገና ይቀልጣል። እኛ ሂሳብ ሠራተኞች ይህን ወለድ ላይ ወለድ እንለዋለን። እዳው በየወሩ ይወልዳል።

ምን ያህል ፍጥነት እንዳለው ላሳያችሁ። በ2007 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በታተመ አንድ ጥናት፣ አማካይ ዕድሜያቸው 67 የሆነ ጤነኛ ሰዎች በፈቃዳቸው ለ10 ቀን አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደረገ። ታመው አይደለም፤ ምግብም አልተከለከሉም። በ10 ቀን ውስጥ ብቻ ከእግራቸው አንድ ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ አጡ። እንግዲህ በ10 ቀን ይህ ከሆነ፣ እናታችን ሶፋ ላይ ስድስት ወር ስትቀመጥ ምን እንደምታጣ አስቡት።

ሌላ ደግሞ እኔን በጣም ያስገረመኝ ጥናት አለ። በ1994 እ.ኤ.አ. ነው የታተመው። ማሪያ ፊያታሮን የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ቦስተን ከተማ በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ 100 ሰዎችን አጠኑ። ጎረምሶች አይደሉም፤ አማካይ ዕድሜያቸው 87 ነው፣ ብዙዎቹም ሴቶች ናቸው። በአራት ቡድን ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን በሳምንት ሦስት ቀን እግር የሚያጠነክር ከበድ ያለ እንቅስቃሴ ይሠራል። አንዱ ኃይል የሚሰጥ የተመጣጠነ መጠጥ ብቻ ይጠጣል። አንዱ ሁለቱንም ያደርጋል። አንዱ ሁለቱንም አያደርግም። ከ10 ሳምንት በኋላ እንቅስቃሴ የሠሩት የእግራቸው ጥንካሬ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ደረጃ የመውጣት አቅማቸውም በ28 በመቶ ጨመረ። መጠጡን ብቻ የጠጡትስ? ለጥንካሬያቸው ምንም አልፈየደላቸውም። በቀን ውስጥ የሚመገቡት ጠቅላላ ምግብ በጉልህ የጨመረው ደግሞ መጠጡን እየጠጡ እንቅስቃሴውንም የሠሩት ሰዎች ብቻ ናቸው።

እኔ ይህን ሳነብ የገዛሁት ጭማቂና ሽሮፕ ትዝ አለኝ። ገንዘቤን ያወጣሁት ለብቻው በማይሠራው ላይ ነበር።

አንድ ነገር ግን በትክክል እንናገር። እንቅስቃሴ ምትሃት አይደለም። «ትንሽ ከተራመደ ማንም ሽማግሌ ወዲያው ይርበዋል» ብዬ ብነግራችሁ ውሸት ነው፤ ጥናቶቹም በዚህ ላይ ሁሉም አንድ ቃል አይናገሩም። እኔ የምለው ምግቡና እንቅስቃሴው ሁለት እግር ናቸው ነው። በአንድ እግር አይኬድም።

አሁን ወደ ደብተሩ ልመለስ። ከሐኪም ቤት እንደመጣን ለሁለት ሳምንት ምንም ሳንለውጥ መዘገብኩ። በግራ በኩል የበላችውን፣ በቀኝ በኩል የሠራችውን። በግራ በኩል «ግማሽ እንጀራ በሽሮ»፣ «ሻይ ብቻ»፣ «ጠገብኩ» ይላል። በቀኝ በኩል ብዙው ቀን ባዶ ነው። በ14 ቀን ውስጥ ከቤት የወጣችው ሦስት ቀን ነው፤ ለገብርኤል፣ ለማርያምና አንድ ቀን ልቅሶ ቤት። በግራ በኩል ደግሞ እራት በደንብ የበላችው አራት ቀን ነው። ከአራቱ ሦስቱ እነዚያው ቀናት ናቸው። አራተኛው የድሮ ጎረቤቷ ሊጠይቋት መጥተው ቡና ያፈላችበት ቀን ነው።

ከአራት ቀን ሒሳብ ተነሥቼ አልደመድምም። በነዚያ ቀናት የተንቀሳቀሰች ብቻ ሳትሆን ከሰው ጋርም የዋለች ናት። እግሯ ይሁን ወይ ወሬው ምግቡን ያስበላት ለይቼ ማወቅ አልችልም። ግን ለይቼ ማወቅ አያስፈልገኝም ነበር። ሁለቱንም ነው የወሰድንባት። ግቢዋን ስንወስድ እርምጃዋንም ጎረቤቷንም አብረን ወሰድን።

ቀጥሎ ያደረግነውን በየተራ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው «አንቺ ተቀመጪ» የሚለውን ቃል ከቤታችን ማስወጣት ነበር። ይህ ከሁሉም ከበደን። የምታግዘን ልጅ «ሰው ምን ይለኛል? አሮጊት አሠራች ይለኛል» ብላ አለቀሰች። አስረዳናት። ምስር መልቀም፣ ቡና መቁላት፣ ሽንኩርት መላጥ፣ በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣት የእናቴ ሥራ ሆነ። ቁጭ ብሎ ምስር መልቀም እግር አያጠነክርም፤ እሱን አውቃለሁ። ግን ወጥ የሚሠራ ሰው ሽታው ይደርሰዋል፣ ይቀምሳል፣ «ጨው አነሰው» ይላል። የራሷ እጅ የገባበትን ወጥ እናቴ «አልፈልግም» አትልም።

ሁለተኛው ወንበር ነው። ጠንከር ያለ፣ የማይንሸራተት ወንበር ግድግዳ አስደግፈን አስቀመጥን። ከእያንዳንዱ ምግብ በፊት እጇን ሳትደገፍ ከወንበር መነሣትና ቀስ ብሎ መቀመጥ። መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ብቻ ቻለች፤ ያውም ጉልበቷን በእጇ እየገፋች። በሁለተኛው ወር ሳትደገፍ ስምንት ደረሰች። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የጭን ጡንቻን የሚያሠራው ግን እሱ ነው፣ ደረጃ የሚያስወጣውም የጭን ጡንቻ ነው። ከዚያ ኩሽና ውስጥ ጠርዝ ይዛ በአንድ እግር መቆም፣ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልቶ በሁለት እጅ ከፍ ዝቅ ማድረግ ጨመርን። ልጄ ከአያቱ ጋር ይቆጥራል። እሱ ሲሳሳት እሷ ታርመዋለች።

ሦስተኛው ደረጃው ነው። 72ቱን በአንድ ጊዜ አልጀመርንም። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ፎቅ ወርዶ መመለስ። ሁለተኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ ከጎረቤቶቻችን ጋር ተነጋግረን አንድ ዱካ አኖርን፤ ደከመኝ ያለ ሁሉ ይቀመጥበታል። ስትወጣም ስትወርድም አንድ ሰው አብሯት ይሆናል፤ እጇ ከመደገፊያው ብረት አይለቅም፤ ጫማዋ የማይንሸራተት ነው፤ ያለ መብራት አንወጣም። በስድስተኛው ሳምንት መሬት ደረሰች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል ወርዳ በብሎኮቹ መሀል ትዞራለች፤ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ፣ አሁን ሃያ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ።

አራተኛው ሳህኑ ነው። ትልቁን ሳህን አነሣን። የሞላ ሳህን የምግብ ፍላጎት የሌለውን ሰው ያስፈራዋል። በቀን ሦስት ጊዜ ብዙ ከማቅረብ አምስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ማቅረብ ጀመርን። ጥቂቱ ግን ዋጋ ያለው እንዲሆን አደረግን። የአዛውንቶችን አመጋገብ ያጠኑ ባለሙያዎች ትልልቅ ሰዎች ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኙ ይመክራሉ። በእናቴ 53 ኪሎ ስናሰላው ከ53 እስከ 64 ግራም ይሆናል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ያህል። ሥጋ የግድ አይደለም። ሽሮው ወፈር ይበል፣ ምስርና አተር ክክ ይኑር፣ እንጀራው ይነስና ወጡ ይብዛ፣ ዘይት ጠብ ይደረግበት፤ አይብ፣ እርጎ፣ የተፈጨ ለውዝ፣ ተልባ ይጨመር። ጥርስ ለሚያማው ሥጋው ይከትከት ወይም በደንብ ይቀቀል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ፕሮቲን ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። የስኳር ሕመምተኛም እንደ እናቴ መድኃኒቱና የእንቅስቃሴው ሰዓት እንዲጣጣም ሐኪም ያማክር። ውሃና ሻይም ከምግቡ ጋር ሳይሆን በመሀል መሀል ይሁን፤ ከምግብ በፊት ከተጠጣ ትንሿን ጨጓራ ይሞላታል።

ስለ ጾም የምትጠይቁኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እናቴ ጋም የተጨቃጨቅነው በእሱ ነው። እኔ ካህን አይደለሁም፣ አልፈርድም። የንስሐ አባቷን ቤት ጠርተን ሐኪሟ ያለችውን ነገርናቸው። እሳቸው ራሳቸው ለሕመምተኛና ለደካማ ቤተ ክርስቲያን እንደምታዝን አስረድተው ሰዓቱን አቀለሉላት። ከእኔ አፍ ቢሆን አትሰማም ነበር። ሙስሊም እህቶቻችንም እንደምታውቁት በሃይማኖታችሁ ለታመመና ጾም ለማይችል አዛውንት ፈቃድ አለ። ዋናው ነገር ክርክሩን ከእናታችን ጋር አለማድረግ፣ የምታከብረውን ሰው ማምጣት ነው። ስግደቱም ሰላቱም ለሚችል ሰው መቆም፣ ማጎንበስና መነሣት ስላለበት ለሰውነት ጥሩ ነው። ጉልበት የሚያመው ወይም ሲነሣ የሚያዞረው ግን ወንበር ይያዝ።

ስንት ይበቃል ለምትሉኝ፣ የዓለም የጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። እንደ ፈጠን ያለ እርምጃ ማለት ነው፤ እየተራመዱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት። በተጨማሪ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር፣ ቢያንስ ሦስት ቀን ደግሞ ሚዛን የሚያስጠብቅና ከመውደቅ የሚከላከል እንቅስቃሴ ይመክራል። እናቴ 150 አልደረሰችም። ባለፈው ሳምንት ደብተሩ የሚያሳየው 110 ነው። ድርጅቱ ራሱ ከምንም ጥቂት ይሻላል ይላል፤ እኔም ከዜሮ ተነሥታ ስለሆነ ትርፍ ብዬ ነው የምመዘግበው።

እባካችሁ እነዚህን ምልክቶች ደግሞ በልባችሁ ያዙ። ትልቅ ሰው ሳይፈልግ በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ከክብደቱ ከ100 እጅ 5ቱን ከቀነሰ፤ ማለትም 60 ኪሎ የነበረ 57 ከሆነ፤ ሐኪም ይየው። ሚዛን ከሌለ መቀነት፣ ቀለበትና የቀሚስ ልክ ሚዛን ናቸው። ምግብ ሲውጥ ከታነቀ፣ ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሌሊት ካላበው፣ ሰገራው ደም ካለበት ወይም እንደ ሬት ከጠቆረ፣ ሆዱ ካበጠ፣ ፍላጎቱ በድንገት ከጠፋ፣ የእግር ጉዞ ሳይሆን ጤና ጣቢያ ነው መድኃኒቱ። ሲራመድ ደረቱን ካመመው፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ካዞረው ወዲያው ይቀመጥ፤ ከዚያ ሳይዘገይ ይታይ። ሌላው ትካዜ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ሰፈሯን የለቀቀች፣ ዝም ያለች እናት «ምግብ አስጠላኝ» ስትል ሆዷ ላይሆን ይችላል፤ ልቧ ነው። ይህም ሐኪም ያክመዋል፣ አያሳፍርም።

እናቴ ዛሬ የት ደረሰች? እንደ ተረት አልጨርስላችሁም። በአምስት ወር ውስጥ 55 ኪሎ ሆናለች። 58 አልተመለሰችም፤ ምናልባትም አትመለስ። ቁርስ አሁንም ታንገራግራለች። ዝናብ በጣለ ሳምንት ሳትወርድ ትውላለች፤ በግራ በኩል ያለው ወዲያው ቀነስ ሲል አየዋለሁ። ባለፈው ገብርኤል ግን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ 72ቱን ደረጃ አንድ ጊዜ ብቻ አርፋ ወጣች። በሩን ስከፍትላት «ምን አለ የሚበላ?» አለችኝ። እኔ ያን ቃል ከሰማሁ ከዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር። ፊቴን ወደ ኩሽና አዙሬ ነው ሽሮውን ያሞቅሁት።

ከመቀመጤ በፊት ለማህበራችን ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ገንዘብ ያዥ ስለሆንኩ ወጪያቸው ዝቅተኛ መሆኑን አይቻለሁ።

አንደኛ፣ ቅዳሜ ጠዋት ቁጠባ ስንሰበስብ እናቶቻችንንና አማቶቻችንን ይዘን እንውረድ። ስብሰባው በሚካሄድበት የጋራ ቤት ደጃፍ ፀሐይ አለ፣ ሜዳ አለ። እኛ ሒሳብ ስንሠራ እነሱ አንድ ሁለት ዙር ይራመዱ፣ ከወንበር ይነሡ ይቀመጡ፣ ከዚያ ቡና ይጠጡ። ቡናውን ተራ በተራ እናፍላ፤ ከቆሎው ጎን ለጥርሳቸው የሚመች ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ይኑር።

ሁለተኛ፣ በየብሎካችን ከደረጃ መውረድ ያቃታቸውን አዛውንቶች ስም እንመዝግብ። ልጅ ያላቸውም የሌላቸውም። ሁለት ሁለት ሆነን አንድ አንድ ሰው እንያዝ፤ በሳምንት ሁለት ቀን አንኳኩተን «እማማ፣ እስቲ አንድ ፎቅ እንውረድ» እንበል። አቅም ለሌላቸው ቤት ለቤት የምትመጣዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንንገራት። ለየመታጠፊያው ዱካ ለመግዛት ከማህበራዊ ፈንዳችን ጥቂት ብር እንዲወጣ በሚቀጥለው ስብሰባ በአጀንዳ እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ።

እህቶቼ፣ እኛ ወላጆቻችንን መጦር እንወዳለን፤ በዚህ ማንም አይበልጠንም። ግን መጦር ማለት ማስቀመጥ መስሎን ኖረናል። እናቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን የሠሩ ሰዎች ናቸው። ሥራውን ሁሉ ከእጃቸው ወስደን ሳህኑን ብቻ ስንሞላላቸው፣ እናቴ የጠየቀችኝን ጥያቄ ሊጠይቁን መብታቸው ነው። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ እናታችሁ ከመቀመጫዋ ብድግ ስትል እጃችሁን ያዙ እንጂ አታስቀምጧት። ምን ልትሠራ እንደተነሣች ጠይቋት፤ ከዚያ አብራችኋት ሥሩ።

አሁን ቡናው ደርሷል፤ እናቴ ናት የቆላችው።